ቼልሲ አምበሉን ለምን ሸጠ? የኮኖር ጋላገር ጉዞ እና ከዝውውሩ ጀርባ ያለው ሂሳብ

በ2023/24 የውድድር ዘመን ኮኖር ጋላገር ለቼልሲ በሁሉም ውድድሮች 50 ጨዋታ አድርጓል። አምበሉ ሪስ ጀምስና ምክትሉ ቤን ቺልዌል በጉዳት ሲርቁ ቡድኑን አብዛኛውን ጊዜ በአምበልነት የመራው እሱ ነበር። ከስምንት ዓመቱ ጀምሮ ያደገውም በዚሁ ክለብ አካዳሚ ነው። የውድድር ዘመኑ ካለቀ ሦስት ወር ሳይሞላው ግን ከዋናው ቡድን ተለይቶ ለብቻው ልምምድ ይሠራ ጀመር፤ ኦገስት 21 ቀን 2024 ደግሞ ወደ አትሌቲኮ ማድሪድ መሸጡ ይፋ ሆነ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ቀኖች በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ገሚሱ ደጋፊ «ብቃቱ ስላልበቃ ነው» ይላል፤ ገሚሱ «አዲሱ አሰልጣኝ ስላልፈለገው ነው»። ሁለቱም ከፊል እውነት ይዘዋል። ዋናው ምክንያት ግን ያለው በክለቡ የሂሳብ መዝገብ ውስጥ ነው። እሱን ለመረዳት ልጁ ያለፈበትን መንገድ ከመነሻው ማየት ይጠቅማል።

ጋላገር ምን ዓይነት ተጫዋች ነው?

የተወለደው በፌብሩዋሪ 2000 ከለንደን ደቡብ ምዕራብ በምትገኘው ኤፕሶም ነው። በ2017 ከ17 ዓመት በታች የዓለም ዋንጫን ሕንድ ላይ ባነሳው የእንግሊዝ ቡድን ውስጥ ነበር። ቼልሲም በ2018/19 የአካዳሚው ምርጥ ተጫዋች ብሎ መርጦታል።

የሚጫወተው በመሀል ሜዳ ነው፤ ከራሱ ሳጥን እስከ ተጋጣሚው ሳጥን ያለ ዕረፍት የሚሮጥ አማካይ ነው። ዋነኛ ሀብቱ ኳስ የያዘውን ተጋጣሚ አሯሩጦ ማስጨነቅ፣ ኳስ መንጠቅ፣ ከዚያም ዘግይቶ ሳጥን ውስጥ ደርሶ ግብ ማስቆጠር ነው። ጠባብ ቦታ ላይ ኳስ ተቀብሎ፣ ዞሮ፣ ጨዋታውን ማረጋጋት ግን የእሱ ዋና ጥንካሬ አይደለም። ቡድኑ ኳስ ለመንጠቅ በሚሮጥበት አጨዋወት ይደምቃል፤ ኳስ ይዞ በትዕግሥት በሚያንሸራሽርበት አጨዋወት ደግሞ ቦታው ይጠባል። የ2023/24 አሰልጣኙ ማውሪሲዮ ፖቸቲኖ በየሳምንቱ ያሰለፉት፣ በ2024 ክረምት በምትካቸው የመጡት ኤንዞ ማሬስካ ግን እንደዚያ ያልፈለጉት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

አራት ክለብ በውሰት ለምን ዞረ?

ውሰት ማለት ተጫዋቹ የወላጅ ክለቡ ንብረት እንደሆነ ለሌላ ክለብ ለተወሰነ ጊዜ መጫወት ነው። ውሉ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ነገሮች ይሰፍራሉ፦ ተዋሹ የሚከፍለው የውሰት ዋጋ፣ ከሳምንታዊ ደሞዙ ስንት እጁን ማን እንደሚሸፍን፣ እና ወላጅ ክለቡ ልጁን በጃንዋሪ መልሶ መጥራት ይችል እንደሆነ። ተጫዋቹ ካልተሰለፈ ተዋሹ የበለጠ እንዲከፍል የሚያደርግ አንቀጽ የሚያስገቡም አሉ። ልጁ ወንበር ላይ ተቀምጦ እንዲመለስ የሚፈልግ ወላጅ ክለብ የለምና።

ጋላገር በኦገስት 2019 ወደ ሁለተኛው እርከን፣ ወደ ሻምፒዮንሺፑ ቻርልተን ሄደ። በ26 የሊግ ጨዋታ 6 ግብ አስቆጠረ፤ ለ19 ዓመት አማካይ ትልቅ ቁጥር ነው። ቻርልተን ወደ ታች መንሸራተት ሲጀምር ግን ቼልሲ በጃንዋሪ 2020 ጠርቶ ስዋንዚ ላከው። የስዋንዚ አሰልጣኝ ስቲቭ ኩፐር ሕንድ ላይ የዓለም ዋንጫ ያሸነፈውን የታዳጊዎች ቡድን የመሩ ስለነበሩ ልጁን ያውቁታል። በዚያ ዓመት መጨረሻ ቻርልተን ወረደ፤ ስዋንዚ ስድስተኛ ሆኖ ወደ ፕሪሚየር ሊግ ለማለፊያ ጨዋታ በቃ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያስተውለው የፊፋ ደንብ አለ። አንድ ተጫዋች በአንድ የውድድር ዘመን ለሦስት ክለቦች ሊመዘገብ ይችላል፤ በይፋዊ ጨዋታ መሰለፍ የሚችለው ግን ለሁለቱ ብቻ ነው። ጋላገር በዚያ ዓመት ለቻርልተንም ለስዋንዚም ስለተሰለፈ ቼልሲ ቢቸግረው እንኳ መልሶ ሊያጫውተው አይችልም ነበር። በጃንዋሪ ልጅን ጠርቶ ሌላ ቦታ መላክ ወላጅ ክለቡን ራሱን የሚያስር ውሳኔ የሚሆነው ለዚህ ነው።

በሴፕቴምበር 2020 ቼልሲ የአምስት ዓመት ውል አስፈርሞት ወደ ዌስት ብሮሚች ላከው። ይህን ውል ልብ በሉት፤ የሚያበቃው በጁን 2025 ነው፣ በኋላ የሚመጣው ጣጣ ሁሉ የሚነሳው ከዚህ ቀን ነው። ዌስት ብሮሚች 19ኛ ሆኖ ወረደ። ጋላገር 30 የሊግ ጨዋታ አድርጎ 2 ግብ ብቻ አስቆጠረ፤ ሆኖም በፕሪሚየር ሊግ በየሳምንቱ መታገል የሚችል መሆኑ ታየ።

አራተኛው ማረፊያ ክሪስታል ፓላስ ነው። በፓትሪክ ቪየራ ሥር በ2021/22 በሊጉ 34 ጨዋታ 8 ግብ አስቆጠረ። ዌስትሃም ላይ ሁለት፣ ኤቨርተን ላይ ሁለት፣ ፓላስ ማንቸስተር ሲቲን በሜዳው 2 ለ 0 ሲረታም አንዷ የእሱ ነበረች። የፓላስ ደጋፊ የዓመቱ ምርጥ ብሎ መረጠው፤ በኖቬምበር 2021 ሳን ማሪኖ 10 ለ 0 በተሸነፈችበት ጨዋታም ተቀይሮ ገብቶ የዋናውን ብሔራዊ ቡድን መለያ ለመጀመሪያ ጊዜ ለበሰ።

ፓላስ ከቼልሲ ጋር ሲገናኝ ለምን አልተጫወተም?

በፕሪሚየር ሊግ ደንብ በውሰት ያለ ተጫዋች በወላጅ ክለቡ ላይ ፈጽሞ መሰለፍ አይችልም። በኤፍኤ ዋንጫ ግን ነገሩ የሚወሰነው በወላጅ ክለቡ የጽሑፍ ፈቃድ ነው። በኤፕሪል 2022 ሁለቱ ክለቦች በዋንጫው ግማሽ ፍጻሜ ዌምብሌይ ላይ ተገናኙ። ፓላስ ፈቃድ ጠየቀ፤ ቼልሲ ከለከለ። የዓመቱ ምርጥ ተጫዋቹን ከሜዳ ውጭ ያስቀመጠው ፓላስ 2 ለ 0 ተሸነፈ። ትንሽ ክለብ በውሰት ልጅ ላይ ቡድኑን ሲገነባ የሚከፍለው ዋጋ ይህ ነው፦ ልጁ በደንብ በተጫወተ ቁጥር የራሱ የመሆን ዕድሉ እየራቀ ይሄዳል።

በዚያው ዓመት ኦክቶበር 1 ቀን ጋላገር በቼልሲ መለያ ወደ ፓላስ ሜዳ ወደ ሴልኸርስት ፓርክ ተመልሶ በ90ኛው ደቂቃ የማሸነፊያዋን ግብ አስቆጠረ። ደስታውን አላሳየም።

«ንጹህ ትርፍ» የሚባለው ምንድን ነው?

አሁን ወደ ሂሳቡ እንግባ።

ክለብ ተጫዋች ሲገዛ የዝውውሩን ዋጋ በአንድ ዓመት ወጪ አድርጎ አይመዘግብም። በውሉ ዓመታት ያካፍለዋል። ቼልሲ በኦገስት 2023 ሞይሰስ ካይሴዶን ከብራይተን ሲያመጣ የመነሻ ዋጋው 100 ሚሊዮን ፓውንድ፣ ውሉ ደግሞ 8 ዓመት ነበር። ስለዚህ በመዝገብ ላይ በየዓመቱ የሚታየው ወጪ 12.5 ሚሊዮን ነው። ክለቡ ለኤንዞ ፈርናንዴዝ የ8 ዓመት ተኩል ውል የሰጠውም በዚሁ ስሌት ነው። አውሮፓ እግር ኳስ ማኅበርና ፕሪሚየር ሊጉ ይህን አይተው በ2023 ማካፈያውን ቢበዛ 5 ዓመት አደረጉት፤ ዛሬ 100 ሚሊዮን የተገዛ ተጫዋች ውሉ የቱንም ያህል ቢረዝም በዓመት ቢያንስ 20 ሚሊዮን ይመዘገብበታል።

ገና ያልተካፈለው ቀሪ «የመዝገብ ዋጋ» ይባላል። ካይሴዶ ከአንድ ዓመት በኋላ የመዝገብ ዋጋው 87.5 ሚሊዮን ነበር። በዚያን ጊዜ በ34 ሚሊዮን ቢሸጥ ኖሮ ቼልሲ የ53.5 ሚሊዮን ኪሳራ ይጽፍ ነበር።

ጋላገርስ? የተሸጠው እንደተዘገበው ወደ 34 ሚሊዮን ፓውንድ ነው። ያደገው በአካዳሚው ስለሆነ የተገዛበት ዋጋ የለም፤ የመዝገብ ዋጋው ዜሮ ነው። ስለዚህ 34ቱም ሚሊዮን ከሞላ ጎደል በትርፍ ይጻፋል። ከገበያ የተገዛ በሬ ሲሸጥ ትርፉ የሚሰላው የተገዛበት ተቀንሶ ነው፤ በቤት የተወለደ ወይፈን ሲሸጥ ግን የሚቀነስ የግዢ ዋጋ የለም፣ የሳሩም ወጪ በየዓመቱ ተከፍሎ አልቋል። የፕሪሚየር ሊግ ደንብ ደግሞ ከዚህም አልፎ ክለቡ ለአካዳሚ የሚያወጣውን ገንዘብ ከኪሳራው ስሌት ውጭ ያደርግለታል።

አንድ መሀል ሜዳ ላይ ጎን ለጎን ይሰለፉ የነበሩ ሦስት አማካዮችን አስቡ፤ ኤንዞ ፈርናንዴዝና ካይሴዶ አንድ ላይ ከ200 ሚሊዮን በላይ የወጣባቸው፣ ጋላገር ምንም ያልወጣበት። ሜዳ ላይ ማን ይሻላል የሚለው ክርክር እንዳለ ሆኖ፣ በመዝገቡ ላይ ተሸጦ ወዲያው ትርፍ የሚያስገኘው አንዱ ብቻ ነው።

ትርፉ ለምን ይህን ያህል ያስቸኩላል?

እስከ 2025/26 በሠራው የፕሪሚየር ሊግ የትርፋማነትና የዘላቂነት ደንብ አንድ ክለብ በሦስት የውድድር ዘመን ድምር ከ105 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ መክሰር አይፈቀድለትም ነበር። ያውም ባለቤቶቹ ጉድለቱን በራሳቸው ገንዘብ ከሸፈኑ ነው፤ ካልሸፈኑ ጣሪያው 15 ሚሊዮን ነበር። ጣሪያውን ያለፈ ክለብ ነጥብ ሊቀነስበት ይችል ነበር። ኤቨርተን በኖቬምበር 2023 አሥር ነጥብ ተቀንሶበት በይግባኝ ወደ ስድስት ወረደለት፤ ወዲያው ደግሞ ሌላ ሁለት ተጨመረበት።

የኖቲንግሃም ፎረስት ጉዳይ ለጋላገር ታሪክ ይበልጥ ይቀርባል። ፎረስት ከአካዳሚው ያፈራው ብሬናን ጆንሰን ነበረው፤ የመዝገብ ዋጋው ዜሮ። የሂሳብ ዓመቱ የሚዘጋው ጁን 30 ቀን 2023 ስለነበር እስከዚያ ቢሸጥ ጉድለቱን ይሞላለት ነበር። ክለቡ የተሻለ ዋጋ ፍለጋ ቆየና ሴፕቴምበር 1 ቀን ለቶተንሃም ሸጠው። ዋጋው አደገ፤ ትርፉ ግን ወደ ቀጣዩ የሂሳብ ዓመት ገባ። «የዘገየነው ለጥቅማችን ነው» የሚለው መከራከሪያ ተቀባይነት አጥቶ በማርች 2024 አራት ነጥብ ተቀነሰበት። በየዓመቱ በጁን የመጨረሻ ሳምንት ክለቦች ወጣት ልጆቻቸውን በጥድፊያ ሲሸጡ የምናየው ለዚህ ነው። ቼልሲ ራሱ ኢያን ማትሰንን ለአስቶንቪላ የሸጠው በጁን 2024 ነው።

ስለዚህ «በ34 ሚሊዮን ሽያጭ የ170 ሚሊዮን ግዢ ይሸፈናል» ሲባል ብትሰሙ ስሌቱ ትክክል ነው፤ 170 ሚሊዮን ለአምስት ዓመት ሲካፈል በዓመት 34 ይደርሳል። የሚረሳው ነገር አለ፦ ሽያጩ የሚመዘገበው አንዴ ነው፣ የግዢው ድርሻ ግን ከዚያ በኋላም አራት ዓመት ይቀጥላል፤ ደሞዙም ከነጭማሪው። በቀጣዩ ዓመት ሌላ የቤት ልጅ መሸጥ ሊያስፈልግ ነው። ሜሰን ማውንት በ2023 ለማንቸስተር ዩናይትድ፣ ጋላገር በ2024 ለአትሌቲኮ የሄዱት በዚህ ሰንሰለት ውስጥ ነው። ለአካዳሚ መበረታቻ ይሆናል ተብሎ የወጣው ደንብ ክለቦች ከልጅነት ያሳደጉትን ለመሸጥ መግፋቱ የሚያሳዝን ነው፤ ደጋፊ ከሁሉ በላይ የሚወደው እነዚያን ልጆች ነውና።

ታዲያ ለምን በ2024 ክረምት ሆነ?

ውሉ አንድ ዓመት ብቻ ስለቀረው ነው። በዚህ ደረጃ ክለብ ያሉት መንገዶች ሦስት ናቸው፦ ማደስ፣ መሸጥ ወይም ዓመቱን ጠብቆ በነፃ መሸኘት። ተጫዋቹ በመጨረሻዎቹ ስድስት ወራት ከውጭ አገር ክለብ ጋር ቅድመ ስምምነት መፈረም ይችላል። በእንግሊዝ ደግሞ ውሉ ያለቀ ተጫዋች ከ24 ዓመት በታች ከሆነና ክለቡ አዲስ ውል አቅርቦለት ከነበረ ክለቡ ካሣ ያገኛል። ጋላገር በፌብሩዋሪ 2025 ሃያ አምስት ስለሚሞላው ቼልሲ አምስት ሳንቲም አያገኝም ነበር።

ቼልሲ ማደሻ አቅርቦ ነበር፤ እንደተዘገበው የሁለት ዓመት ውል፣ አንድ ዓመት የማራዘም መብቱ የክለቡ ሆኖ። በኦገስት 2024 ደግሞ የቡድን ጓደኛው ኮል ፓልመር እስከ 2033 የሚዘልቅ ውል ፈርሟል። ሁለቱን ጎን ለጎን ያስቀመጠ ሰው ክለቡ ስለ ጋላገር ምን እንዳሰበ ለመረዳት አይቸገርም። ተጫዋቹ አልፈረመም።

ማድሪድ ደርሶ ለምን ተመለሰ?

የዝውውሩ አስቸጋሪ ክፍል ይህ ነበር። ክለቦቹ በዋጋ ተስማምተው፣ ጋላገር ወደ ማድሪድ በርሮ የጤና ምርመራውን ጨርሶ ነበር። ይሁን እንጂ አትሌቲኮ በስፔን ሊግ የወጪ ጣሪያ ሥር ነው፤ በዚያው ሳምንት ሁሊያን አልቫሬዝን ከማንቸስተር ሲቲ ለማምጣት ትልቅ ገንዘብ እያወጣ ነበር። ለጋላገር የሚከፈለው አጥቂውን ሳሙ ኦሞሮዲዮንን ለቼልሲ ሸጦ ነው ተብሎ ታስቧል። የኦሞሮዲዮን ዝውውር ሲፈርስ የጋላገርም ቆመ። ልጁ ለቀናት ሆቴል ውስጥ ጠብቆ ወደ ለንደን ተመለሰ።

መፍትሔ የሆነው ጆአኦ ፌሊክስ ነው። ቼልሲ ፌሊክስን ከአትሌቲኮ ገዛ፣ አትሌቲኮም ጋላገርን ወሰደ፤ ሁለቱም ዝውውሮች በአንድ ቀን ይፋ ሆኑ። የጤና ምርመራ አለፈ ማለት ዝውውሩ አለቀ ማለት እንዳልሆነ ከዚህ የተሻለ ማሳያ የለም። ፊርማ፣ የክፍያ ዋስትናና የፊፋ የዝውውር መዝገብ እስኪሟሉ ድረስ ተጫዋቹ የቀድሞ ክለቡ ነው።

በስፔን ጅማሬው ጥሩ ነበር። በሴፕቴምበር ቫሌንሺያ ላይ የመጀመሪያ ግቡን አስቆጠረ። ማርች 12 ቀን 2025 በሻምፒዮንስ ሊግ ሪያል ማድሪድ ላይ ጨዋታው በተጀመረ በ27ኛው ሰከንድ ያስቆጠራት ደግሞ ቡድኑን እስከ ፍጹም ቅጣት ምት አደረሰችው፤ አትሌቲኮ በዚያ ተሸነፈ። በጃንዋሪ 2026 ቶተንሃም ገዝቶት ወደ ለንደን ተመለሰ።

ከዝውውሩ ገንዘብ ለሌላ የሚደርሰው አለ?

አዎ። ተጫዋች ከአንድ አገር ወደ ሌላ አገር ክለብ በገንዘብ ሲዛወር ገዢው ከዋጋው 5 በመቶ ቀንሶ ከ12 እስከ 23 ዓመቱ ላሠለጠኑት ክለቦች እንዲከፋፈል ያደርጋል። ከ12 እስከ 15 ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት ከጠቅላላ ዋጋው 0.25 በመቶ፣ ከ16 እስከ 23 ላለው 0.5 በመቶ። የውሰት ጊዜም ይቆጠራል። በ34 ሚሊዮን ሽያጭ የአንድ ሙሉ ዓመት ድርሻ 170,000 ፓውንድ ስለሆነ ፓላስም ዌስት ብሮሚችም ከአትሌቲኮ ዝውውር ተካፋይ ናቸው፤ ግማሽ ዓመት ያጫወተው ቻርልተን 85,000 ገደማ ይደርሰዋል። ከስፔን ወደ እንግሊዝ ሲመለስም እንደገና ይካፈላሉ። በዚያው አገር ውስጥ ቢሸጥ ኖሮ ግን ይህ የፊፋ ክፍያ አይነሳም።

ደንቡ የፊፋ አባል በሆነ አገር ሁሉ ስለሚሠራ የኢትዮጵያ ክለቦችንም ይመለከታል። ገንዘቡ የሚቀረው ብዙውን ጊዜ በምዝገባ ጉድለት ነው፤ ልጁ በ12 ወይም በ13 ዓመቱ በፌዴሬሽኑ የኤሌክትሮኒክ መዝገብ ላይ ክለቡና የጀመረበት ቀን ካልሰፈረ፣ ያሠለጠኑት ክለቦች በሚዘረዘሩበት «የተጫዋች ፓስፖርት» ላይ ያ ዓመት ባዶ ይሆናል። ባዶ ለሆነ ዓመት የሚከፈል የለም።

ሕጉ ሲቀየር የቤት ልጅ መሸጥ ይቀራል?

የፕሪሚየር ሊግ ክለቦች በኖቬምበር 2025 አዲስ ደንብ አጽድቀዋል። ከ2026/27 ጀምሮ የሦስት ዓመት ኪሳራ መቁጠሩ ቀርቶ፣ ለተጫዋች የሚወጣው ገንዘብ ማለትም ደሞዝ፣ የዝውውር ዓመታዊ ድርሻና የወኪል ክፍያ ከክለቡ የእግር ኳስ ገቢ ጋር ይነጻጸራል፤ ጣሪያው 85 በመቶ ነው። ሆኖም ከገቢው ጎን የሚደመረው ከተጫዋች ሽያጭ የተገኘው የተጣራ ትርፍም ነው። ትርፉ አሁንም የሚሰላው የመዝገብ ዋጋ ተቀንሶ ነው፤ በአካዳሚ ያደገ ልጅ የመዝገብ ዋጋ ደግሞ በአዲሱም ደንብ ዜሮ ነው።